ከዓሣው ጀርባ ያለው ዩሪያ፦ ስለ ዓሣ እርባታ ቆሻሻ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በደቡብ ወሎ የዓሣ ነገር ሲነሳ ሎጎ ሐይቅና አርዲቦ አብረው ይነሳሉ። በኩሬና በኬጅ፣ ማለትም በውሃ ላይ በሚንሳፈፍ የመረብ ቤት፣ ዓሣ ስለማርባት የሚነገረው አብዛኛው ስለ ገቢው ነው። እርባታው ውሃው ላይ የሚጥለው ቆሻሻ ግን በዓይን ግምት ይታለፋል። ይህ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ቆሻሻው ያለ ላቦራቶሪ፣ በወረቀትና በእስክሪብቶ ሊሰላ የሚችል ነገር ነው።

«ውሃው ጥርት ካለ ብክለት የለም»

ዓሣ ከበላው ፕሮቲን የተረፈውን ናይትሮጅን በአብዛኛው የሚያስወጣው በስንጥቡ በኩል፣ አሞኒያ አድርጎ ነው። አሞኒያ ውሃ ውስጥ ሟምቶ ስለሚቀር አይታይም። ያልተዋሃደው ፎስፈረስ ደግሞ በብዛት ከኩሱ ጋር ወደ ታች ይሰምጣል፤ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በሚያልፈው ሎጎ ታች የተከማቸውን ከዳር ሆኖ የሚያይ የለም። አንድ ቀን በጠርሙስ ተቀድቶ የተለካ ውሃም የሚናገረው ስለዚያች ሰዓት ብቻ ነው።

ስለዚህ ስሌቱ ከመኖው ይጀምር። በመኖ የገባው፣ በዓሣው ሥጋና አጥንት የወጣው ሲቀነስለት፣ የቀረው ቆሻሻ ነው። አንድ ቶን ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለውን ዓሣ) ለማሳደግ በጥሩ አያያዝ 1.5 ቶን ገደማ መኖ ይፈልጋል እንበል። መኖው 30 በመቶ ፕሮቲን ካለው፣ ከፕሮቲን ደግሞ 16 በመቶው ናይትሮጅን ስለሆነ፣ 72 ኪሎ ናይትሮጅን ገባ ማለት ነው። አንድ ቶን ዓሣ በሰውነቱ ይዞ የሚወጣው 25 ኪሎ ገደማ ነው። 47 ኪሎው ውሃ ውስጥ ቀረ። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነውና፣ ለእያንዳንዱ ቶን ዓሣ አንድ ኩንታል ዩሪያ ውሃው ላይ እንደመበተን ነው። ፎስፈረሱም እንዲሁ፦ በመኖው 1.1 በመቶ ቢሆን 16.5 ኪሎ ይገባል፣ ዓሣው 8 ኪሎ ያህሉን ይወስዳል፣ 8.5 ኪሎ ይቀራል። ይህ ከ40 ኪሎ በላይ ዳፕ ውስጥ ያለ ፎስፈረስ ነው። መቶኛዎቹ ከመኖ መኖ ይለያያሉ፤ የራሳችሁን ከረጢት ላይ የተጻፈውን አንብባችሁ ተኩበት።

«ዓሣ ዓሣ ነው፤ ከሐይቅም ይያዝ ከኬጅ ለውሃው ያው ነው»

ቆሮሶ ወደ ሎጎ የገባው በፈረንጆቹ 1970ዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው። ሐይቁ ውስጥ በነፃነት የሚዋኘው የሚበላው እዚያው የበቀለውን አልጌ ስለሆነ፣ አስጋሪው አንድ ቶን ሲያወጣ 25 ኪሎ ናይትሮጅንና 8 ኪሎ ፎስፈረስ ከሐይቁ ይቀንሳል። የኬጁ መኖ ግን ከውጭ የመጣ ነው። ገበያ ላይ ሁለቱን መለየት ያስቸግራል፤ አንዱ ከሐይቁ ቀንሷል፣ ሌላው ጨምሮበታል።

«መኖ ትንሽ ቢባክን ኪሳራው የባለቤቱ ነው»

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መኖው ከ1.5 ወደ 2 ቶን ከፍ ቢል የጨመረው በሲሶ ነው። ቆሻሻው ግን በሲሶ አይቆምም። የዓሣው ሰውነት የሚይዘው ያው ስለሆነ ጭማሪው በሙሉ ውሃው ላይ ይወድቃል፦ ናይትሮጅኑ ከ47 ወደ 71 ኪሎ፣ ፎስፈረሱ ከ8.5 ወደ 14 ኪሎ። ፎስፈረሱ በሁለት ሦስተኛ ገደማ አደገ ማለት ነው።

«የእኛ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይበክልም» የሚለውም ከዚሁ ጋር ይታረም። በእህልና በቅባት እህል ውስጥ ያለው ፎስፈረስ አብዛኛው የዓሣ ሆድ ሊፈታው በማይችል መልክ የታሰረ ነው፤ እንደገባ ይወጣል። ዱቄቱ ሳይጠፈጠፍ ከተበተነ ደግሞ ገና ሳይበላ ይሟሟል። በአካባቢው መኖ መጠቀሙን እደግፋለሁ፤ ግን ይጠፍጠፍ፣ ይመዘን።

«ሎጎ ሰፊ ነው፤ ይሸከመዋል»

ስፋቱ 23 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዓመት 10 ቶን ዓሣ የሚያወጣ እርባታ 85 ኪሎ ፎስፈረስ ይጥላል፤ በጠቅላላው ስፋት ሲካፈል ኢምንት ነው። ስለዚህ «አንድ ኬጅ ሐይቁን ይገድለዋል» የሚለውም ስህተት ነው። ምርቱ 1,000 ቶን ቢደርስ ግን 8.5 ቶን ፎስፈረስ፣ በስኩዌር ሜትር 0.37 ግራም፣ በየዓመቱ። ናይትሮጅን በከፊል ወደ አየር ሊመለስ ይችላል፤ ፎስፈረስ ይህ መንገድ የለውም። ከሎጎም በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለም። ስለዚህ ፈቃድ ሲሰጥ መታየት ያለበት የሁሉም ኬጆች ድምር ነው።

የውሃው ጠባይም ይታሰብ። የሎጎ ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነትና የአልካላይነት መለኪያው፣ ወደ 9 የተጠጋ ነው። በ25 ዲግሪ ሙቀት፣ ፒኤች 7 ላይ መርዛማው የአሞኒያ ክፍል ከ1 በመቶ በታች ሲሆን፣ 9 ላይ ከሲሶ ይበልጣል። ኦክስጅን ያጣው የታችኛው ውሃ ከላይኛው ጋር ሲቀላቀልም በመጀመሪያ የሚታፈነው ኬጅ ውስጥ ያለው ዓሣ ነው፤ መሸሻ የለውም።

«ከኩሬ ዓሣ የወጣው ሁሉ ወንዝ ይገባል»

የተፈጠረ ቆሻሻና የተለቀቀ ቆሻሻ ይለያያሉ። ውሃው በማይፈስ ኩሬ ውስጥ ጭቃው ብዙውን ይይዛል። ጉዳቱ የሚመጣው ኩሬው ለምርት ሲደርቅ፣ በተለይ ደለሉን አነቃቅቶ በሚወጣው የመጨረሻው ውሃ ነው። ይህን ወደ ወንዝ አትልቀቁት፤ ወደ ሽንኩርት ወይም ጎመን መደብ ምሩት፣ የደረቀውን ጭቃም ማሳ ላይ በትኑት። በደብተር የገባውን መኖ፣ የተሸጠውን ዓሣ በኪሎ፣ የሞተውንም መዝግቡ። የሞተው ከውሃው ወጥቶ ከተቀበረ ከወጣው ጋር ይደመራል፤ ውሃ ውስጥ ከበሰበሰ ግን ከቆሻሻው ጋር ይቆጠራል።