ጧሪ ቀባሪ፦ የአረጋውያን እንክብካቤ በወሎ

ወሎ ውስጥ «እናቴን መጦሪያ ማዕከል ላስገባት ነው» ብላችሁ ብትናገሩ ቡና ላይ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ዝም ይላል። ዝምታው ስድብ ነው። ቢሆንም ጥያቄው በየቤቱ አለ። ልጆች አዲስ አበባ፣ ጅዳ ወይም ቤሩት ናቸው፤ እናት ደሴ ላይ ብቻዋን ቀርታለች፣ ስኳርና ግፊት አለባት፣ ጉልበቷም ዳገቱን እምቢ ብሏል። ምን ይደረግ? ያለኝን ይዤ አማራጮቹን አንድ ቦታ ለማሰባሰብ ሞክሬአለሁ። ስለ ቅሬ፣ ማለትም ስለ ወሎው እድር፣ የተጻፈው ከሌላው ቢረዝም አይግረማችሁ፤ ቅሬተኛ ነኝ፣ መዝገቡንም ለጥቂት ዓመታት ይዤ ነበር።

ከቃሉ እንጀምር። መጦር ማለት በእርጅና ጊዜ ማብላት፣ ማልበስና መደገፍ ነው። ይህን የሚያደርገው ሰው ጧሪ ይባላል፤ ጡረታም ከዚሁ የወጣ ነው። ሽማግሌ ሲመርቅ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ይላል፤ ሁለቱን አይነጣጥላቸውም። በፖሊሲ ቋንቋ አረጋዊ የሚባለው 60 ዓመት የሞላው ሰው ነው፤ መደበኛው የጡረታ መውጫ ዕድሜም እሱ ነው። ገጠር ላይ ግን ዕድሜ እንዲህ አይቆጠርም። ሰውዬው ማረስ አቅቶት በሬውን ለልጁ ሲያስረክብ፣ ያን ቀን አርጅቷል።

ቤት

አብዛኛው አረጋዊ ዛሬም የሚጦረው እቤቱ ነው። ሸክሙ የሴት ልጅ ወይም የምራት ነው። እኛ ወንዶቹ ብር እንልካለን፣ እሷ ታጥባለች። (እህቴ ይህን ብታነብ «እንኳን አመንክ» ትለኛለች።) ሌላው የቆየ ዘዴ የልጅ ልጅን አያት ቤት ማሳደግ ነው። ልጁ ውሃ ይቀዳል፣ እሳት ያያይዛል፣ ማታም አብሯት ያድራል፤ እሷ ደግሞ ታበላዋለች፣ ትመክረዋለች፣ ትቆጣዋለች። ማን ማንን እየጦረ እንደሆነ ለመለየት ያስቸግራል።

የወሎ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ቅይጥ ነው። አባት ሙስሊም፣ አጎት ክርስቲያን የሆኑበት ቤት ብርቅ አይደለም። ስለዚህ አረጋዊ መንከባከብ ማለት የረመዳኑን ማፍጠሪያም የሁዳዴውን ምግብም ማወቅ ነው። ሥጋ ላይ ይለያያሉ፤ ቡናው ከአቦል እስከ በረካ የጋራ ነው።

ልጅ የሌለው ወይም ልጆቹ የራቁት የገጠር ሽማግሌ መሬቱን ለሚጦረው ዘመድ ወይም ጎረቤት የሚያወርስበት ልማድም አለ። ስምምነቱ በቃል ብቻ ሲሆን ጣጣ አለው። ሰውዬው ሲሞት ከሩቅ የመጡ ልጆችና የጦረው ሰው ፍርድ ቤት ይገናኛሉ። ወረቀት ይጻፍ፤ የመሬት አስተዳደሩም ይመዝግበው።

ሕጉ ከልጅ ጎን አይቆምም። በ1992 የወጣው የፌዴራል የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ሆነ አማራ ክልል በ1995 ያወጣው የራሱ የቤተሰብ ሕግ፣ ወላጅ ችግር ላይ ከወደቀና ሠርቶ መብላት ካልቻለ ልጅ ቀለብ የመስጠት ግዴታ አለበት ይላሉ። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል። «አቅም በፈቀደ መጠን» የምትለዋን ልብ በሉ። ቀለብ ጠይቆ ልጁን የከሰሰ ወላጅ ግን በዙሪያዬ አላየሁም። ነገሩ ከገፋ ወደ ሽማግሌ ነው የሚኬደው፤ በአንዳንድ የደቡብ ወሎ አካባቢ ደግሞ ወደ አበጋር፣ ማለትም ወደ ተከበረው አስታራቂ። ሽማግሌው ፊት ልጅ አንገቱን ይደፋል፣ እርግማን ይፈራላ።

ቅሬ

ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። የእድርን ታሪክ ያጠኑ ሰዎች ከከተማ መስፋፋት ጋር አያይዘው በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ላይ ያደርሱታል። ቅሬ ከዚያ ይቀድማል የሚል ወሎዬ ብዙ ነው፤ እኔም ከእነሱ ወገን ነኝ። ቀደመም ዘገየም፣ ቅሬ ከቀብር ማኅበር ይሰፋል። በብዙ ቦታ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ነው፤ የሚለያዩት መቃብር ላይ ነው። የቅሬ ዳኛ አለ፣ ጠሪ አለ። ጠሪው ሲጣራ ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ፣ ገበሬው ሞፈሩን ጥሎ ይወጣል። የቀረ ይቀጣል። ደጋግሞ የቀረ ከቅሬ ይወጣል፤ ከቅሬ የወጣን ሰው ደግሞ ጎረቤት እሳት አይጫጫረውም። ጠብ የሚበርደው፣ የተቃጠለ ቤት የሚሠራው፣ መንገድ የሚጠረገው በቅሬ ነው። ይህን ያህል ሰው በአንድ ድምፅ የሚያስነሳ ሌላ ተቋም እዚህ አገር አላውቅም።

ግን እውነቱን እንነጋገር። ቅሬ ጎበዝ የሆነው ቀባሪነት ላይ ነው። በያዝኩት መዝገብ ለድንኳን፣ ለወንበር፣ ለንፍሮና ለከፈን ዓምድ ነበረው። ለታመመ አልነበረውም። አንድ ሽማግሌ ስድስት ወር አልጋ ላይ ቢተኙ ደንቡ የሚያስገድደን ነገር የለም፤ ጠያቂ በፈቃዱ ይሄዳል፣ ብርቱካን ይዞ። በሞቱ በሰዓታት ውስጥ ግን መቶ ሰው ደጃቸው ላይ ነው።

ሰፈራችን ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እናት ነበሩ። ከቤታቸው ጭስ ሳይወጣ ሁለት ቀን አለፈ። ሦስተኛው ቀን የጎረቤት ልጅ ሲገባ ወድቀው ጭናቸው ተሰብሮ አገኛቸው። ከዚያ በኋላ ቅሬው ተሰብስቦ፣ ብዙ ተጨቃጭቆ፣ ብቻውን የሚኖር አረጋዊ በየሁለት ቀኑ በተራ እንዲታይ ወሰነ። ተራውን የሚዘል እንደ ቀብር ቀሪ ይቀጣል። የተቃወሙት ሰዎች «ቅሬ የሞት ነው፣ የኑሮ ማድረግ ያፈርሰዋል» ነበር ያሉት። እስካሁን አልፈረሰም። ኤች አይ ቪ በበረታበት ዘመንም በየከተማው ያሉ እድሮችና ቅሬዎች ታማሚ ቤት ለቤት መጠየቅና ወላጅ የሞተባቸውን ልጆች መርዳት ጀምረው ነበር። መንገዱ አዲስ አይደለም ለማለት ነው።

ደጀ ሰላምና ሐድራ

በክርስቲያኑ ዘንድ ባሏ የሞተባት ሴት መንኩሳ በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ መኖር የቆየ የእርጅና አማራጭ ነው። እንደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ያሉ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የታወቁ ገዳማት፣ የላሊበላም ደብሮች፣ ሸምግሎ ለመነነ ሰው ቦታ ነበራቸው። በሙስሊሙ ዘንድ ደግሞ እንደ ጀማ ንጉሥ፣ ዳናና ገታ ያሉ ሐድራዎች፣ ማለትም የሼሆች የዱዓና የትምህርት ቦታዎች፣ ደረሳውንም (ተማሪውንም) እንግዳውንም ደካማውንም ከአንድ ማዕድ ያበሉ ነበር፤ ዘካና ሰደቃም ለአቅመ ደካማ ይደርሳል።

ረሃቡና የተበተነው ልጅ

በዛሬው ወሎ ጧሪ ያጣ ሰው ለምን በዛ ለሚል፣ መልሱ ግማሹ 1977 ላይ ነው። የ1965 እና 66ቱ ረሃብ አስቀድሞ ብዙ ቤት ዘግቷል። ዘውዳዊውን መንግሥት ካንገዳገዱት ነገሮች አንዱም እሱ ነበር። የ1977ቱ ግን ረሃብ ብቻ አልነበረም፤ ሰፈራ ተከተለው። ደርግ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ወደ መተከል፣ ጋምቤላ፣ ወለጋና ኢሉባቦር ሲያጓጉዝ ትልቁ ድርሻ ከወሎ የሄደ ነበር። የተፈለገው ጉልበት ያለው ሰው ነበር። ሽማግሌ ብዙ ጊዜ ቀረ፤ ቤተሰብ መንገድ ላይ ተለያየ። ያኔ 30 ዓመት የነበራት ሴት ዛሬ ሰባ አልፏታል። ልጆቿ በረሃቡ አልቀው ወይም በሰፈራው ጠፍተው ከሆነ፣ ልጅ ጧሪ ነው የሚለው ስሌት ለእሷ አይሠራም። ኮረም ላይ በዓለም ቴሌቪዥን የታዩት እናቶች ኋላ ማን ጦራቸው ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

ቀጥሎ ስደቱ መጣ። ከሐብሩ፣ ከቃሉ፣ ከከሚሴ፣ ከደሴ ሴት ልጆች ወደ ሳውዲ ጎረፉ። የወሎ አረጋዊ ትልቁ ጡረታ የሚመጣው ከዚያ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። በ2006 ሳውዲ በገፍ ስታባርር ግን ብዙ እናት ልጇ መግባቷን እየወደደች ብሩ መቋረጡን አዘነች። በ2014 የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ደግሞ የጤና ተቋማት ተዘረፉ፣ የስኳርና የግፊት መድኃኒት ጠፋ።

መንግሥት የሚሰጠው

የመንግሥት ሠራተኛ ለነበረ ጡረታ አለ፤ ለግል ድርጅት ሠራተኛ የጡረታ ሕጉ የወጣው በ2003 ነው። ገበሬውና ጉልት ነጋዴዋ ከሁለቱም ውጪ ናቸው። ለእነሱ ያለው ሴፍቲኔት ነው። በ1997 የተጀመረው የገጠሩ ፕሮግራም መሥራት ለማይችል አረጋዊ ያለ ሥራ «ቀጥታ ድጋፍ» ይሰጣል። በከተማ ደግሞ በ2009 ከተጀመረባቸው 11 ከተሞች አንዷ ደሴ ናት። ስም የሚመዘገበው በቀበሌ ስለሆነ፣ መውጣት የማይችል ሰው ስሙ እንዳይቀር ጎረቤት ይከታተል።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅንን አትናቁት። በ2003 አገሪቱ ውስጥ በሙከራ ከተጀመረባቸው 13 ወረዳዎች አንዱ የእኛው ተሁለደሬ ነው። (ይህን ሳልጠቅስ ማለፍ አልቻልኩም።) በዓመት መዋጮ የሚከፈልበት ነው፤ የድሃ ድሃ ተብሎ ለተለየ ቤተሰብ መንግሥት ይከፍልለታል። ከጤና ጣቢያ ሪፈር ተጽፎ ሆስፒታል ድረስ ያሳክማል። መድኃኒቱ ከመንግሥት ተቋም ከጠፋ ግን ከኪስ ነው፤ አረጋዊ ላይ የሚከብደውም እዚያ ጋ ነው።

ማዕከል ሲታይ

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። በኢትዮጵያ በስም የሚታወቁት ማዕከላት፣ ለምሳሌ ቢኒያም በለጠ በ2002 አዲስ አበባ ላይ የጀመረው መቄዶንያ፣ ጧሪ የሌለውንና ጎዳና የወደቀውን በነፃ የሚያነሱ የበጎ አድራጎት ቤቶች ናቸው። ልጆቿ ጅዳ ሆነው ብር ለሚልኩላት እናት የተሠሩ አይደሉም። እየከፈሉ የሚኖሩበት ቤት ጥቂት ነው፣ ያለውም በብዛት አዲስ አበባ ነው። ስለዚህ ለብዙ ወሎዬ እውነተኛው ምርጫ በሦስት መካከል ነው፦ እናትን ልጅ ወዳለበት መውሰድ፣ እቤቷ አስታማሚ መቅጠር፣ ወይም ማዕከል።

ከሦስቱም በፊት ዓይኗን አሳዩ። አይታይም፣ ትወድቃለች፣ ብቻዋን አትሆንም የተባለች እናት ችግሯ የዓይን ሞራ ሊሆን ይችላል። ሞራ በአጭር ቀዶ ሕክምና ይገፈፋል፤ ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በዓይን ሕክምና የታወቀ ነው። አየር ንብረቱም አንድ ነገር ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፣ ዳገትና ብርድ የማያጣት ከተማ ናት። መገጣጠሚያ ለሚያማት ሰው ሞቅ ባለችው ኮምቦልቻ ዘመድ ጋ መቀመጥ ሊቀላት ይችላል።

አስታማሚ ስትቀጥሩ የቤት ሠራተኛና አስታማሚ አንድ አይደሉም። እንጀራ የምትጋግር፣ ልብስ የምታጥብ፣ ሌሊትም አረጋዊት የምታነሳ አንዲት ልጅ በሦስት ወር ትጠፋለች፤ ጥፋቱም የእሷ አይደለም።

ማዕከሉን ራሱን ለማየት ሳትናገሩ ሂዱ፤ ቢቻል አመሻሽ ላይ፣ እሑድ ቀን። ፈቃዱን ጠይቁ። የክልሉ የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ መዋቅር ያውቀዋል? ከዚያ ወረቀቱን ትታችሁ ሽንት ቤት ግቡ። መያዣ ብረት አለው? ወለሉ ያንሸራትታል? ውሃ አለ ወይስ በርሜል ነው? ሌሊት ለስንት ሰው ስንት ሠራተኛ ያድራል? አልጋ የያዘ ሰው ካለ፣ ቢያንስ በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጣል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የአልጋ ቁስል ተረከዝና ወገብ ላይ ይጀምራል፤ ብርድ ልብስ ሲገለጥ ሁሉም ይታያል። መድኃኒት በመዝገብ ይሰጣል ወይስ በጭንቅላት? ልብስ የግል ነው ወይስ ታጥቦ የደረሰው ይለብሰዋል? እኔ በሄድኩበት አንድ ማዕከል ግቢው በአበባ ያማረ ነበር፣ ሰዎቹ ግን ከሰዓት በ10 ሰዓት ሁሉም አልጋ ላይ ነበሩ። ማንም አልታመመም። የሚያነሳቸው ስላልነበረ ነው።

ወሎ ላይ የምግብና የጸሎት ነገር ተጨማሪ ጥያቄ ነው። ሥጋው የማን እርድ ነው? ለሶላት ውዱ የሚያስደርግ፣ ለቁርባን ቄስ የሚጠራ አለ? የጡረታ ደብተሯን ማን ይይዛል? ስልክስ ስትፈልግ ይሰጣታል?

የመጨረሻው ጥያቄ የቅሬው ነው። ሰው ማዕከል ሲገባ ልጆች «ከእንግዲህ ምን ያደርግላታል» ብለው መዋጮውን ያቋርጣሉ። አታቋርጡ። እኛ ቅሬ ውስጥ ይህ ተነስቶ የቅሬ ዳኛው አንዲት ቃል ነበር የተናገሩት፦ «ከሰፈር ወጣች እንጂ ከቅሬ አልወጣችም»። ከዚያ ወዲህ ማዕከል የገባ አባል በስሙ ይቆያል፣ በወር አንድ ጊዜ ሁለት ሰው ሄዶ ያየዋል፣ ሲሞትም ወደ አገሩ አፈር የሚመልሰው መኪና ወጪው ከቅሬው ሣጥን ነው።