«ሐኪሙ ያየዋል» ከተባለ ቁጥጥር አለ ማለት ነው? የሰው ቁጥጥር ምንድን ነው?

ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ወደ ሆስፒታል ስለማስገባት በተወራ ቁጥር አንድ ማሳረጊያ አይጠፋም፤ «መጨረሻ ላይ ሐኪሙ ስለሚያየው አያሰጋም»። ሰሞኑን አንድ ተንታኝ ይህንኑ በልበ ሙሉነት ሲናገሩ ሰማሁ። «ማሽኑ ይጽፋል፣ ሐኪሙ ይፈርማል፣ ኃላፊነቱም የሐኪሙ ነው» አሉ። ሦስቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ቁጥጥር ግን በአንዳቸውም ውስጥ የለም።

የሰው ቁጥጥር አለ የሚባለው ስሕተቱን ለይቶ ማወቅ የሚችል ሰው፣ በቂ ጊዜና ማመሳከሪያ ተሰጥቶት፣ ማሽኑ የጻፈውን ረቂቅ የመጣል ሥልጣን ይዞ ሲመረምር ነው። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ የሚተርፈው ፊርማ ብቻ ነው። ፊርማ ጥፋት ከደረሰ በኋላ ማን እንደሚጠየቅ ይወስናል እንጂ ጥፋቱን አያስቀርም።

እህል ለቀማን አስቡ። ጠጠር ሰፌድ ላይ ወዲያው ዓይን ይገባል። እንክርዳድ ስንዴ ስለሚመስል የለመደ ዓይን ይጠይቃል። አብሮ ከተፈጨ በኋላ ግን ማንም ሊለቅመው አይችልም። ጽሑፍ አመንጪው ማሽን የሚያቀርብልን ዱቄቱን ነው። ተለማማጅ ሐኪም የታካሚ ታሪክ ሲጽፍ ያልገባው ቦታ ላይ ይንተባተባል፣ ይሰርዛል፣ ይደልዛል፤ ያስታውቅበታል። ማሽኑ ግን የሰማውንም የፈጠረውንም እኩል አልሞ ይፈጨዋል። ስለዚህ ዱቄቱን ሲያገላብጡ መዋል ዋጋ የለውም፤ ወደ ጆንያው ተመልሶ እህሉን ማየት ያስፈልጋል።

ጆንያው ባዶ ከሆነስ? አሶሺዬትድ ፕሬስ የተባለው የዜና ወኪል በ2024 (ዓመቶቹ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው) እንደዘገበው፣ ድምፅን ወደ ጽሑፍ የሚለውጠው የኦፕንኤአይ ኩባንያ ዊስፐር ማንም ያልተናገረውን ነገር ጨምሮ ይጽፋል። በእርሱ ላይ የተሠራው ናብላ የተባለው የሐኪሞች መሣሪያ ደግሞ፣ የታካሚና የሐኪምን ንግግር ከጻፈ በኋላ ዋናውን ድምፅ ለመረጃ ደኅንነት ሲባል ይሰርዝ ነበር። ሐኪሙ ከምን ጋር ያመሳክር? የታካሚ ምስጢር ይጠበቅ ማለት ማመሳከሪያው ሐኪሙ ሳይፈርም ይጥፋ ማለት አይደለም። በዚያው ዓመት የወጣ አንድ ጥናት በዊስፐር ከተገለበጡት ቅጂዎች 1 በመቶ ያህሉ ላይ እንዲህ ያለ ፈጠራ አግኝቷል። ጥፋቱ የሚብሰው ንግግር የሚያስቸግራቸው ሰዎች ላይ ነው፤ ቃል ፍለጋ ዝም ሲሉ ማሽኑ ዝምታቸውን በራሱ ወሬ ይሞላዋል። ስትሮክ ንግግሩን ያወከበትን ታካሚ የሕመም ታሪክ መውሰድ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ይህ ለምን እንደሚያስጨንቀኝ ይገባዋል።

«ልምድ ያለው ሐኪም በማሽን አይሞኝም» የሚል መልስም ይመጣል። በ2023 በጀርመን በተመራ ጥናት 27 ራዲዮሎጂስቶች የጡት ራጅ እንዲያነቡ ተደረገ። የማሽን ነው የተባለ የተሳሳተ ጥቆማ ሲቀርብላቸው የጀማሪዎቹ ትክክለኛነት ከ80 በመቶ ገደማ ወደ 20 ወረደ። እጅግ ልምድ ያላቸውም ከ82 ወደ 45 ገደማ ወርደዋል። እርግጥ ጥናቱ ስለ ምስል ንባብ እንጂ ስለ ጽሑፍ ማመንጨት አይደለም፤ ቁጥሩን እንዳለ ማዛወር አይቻልም። አቅጣጫው ግን የሚያጽናና አይደለም።

እኔ የአንስቴዥያ (የሰመመን) ሐኪም ነኝና ከሙያዬ አንድ ምሳሌ ልጨምር። በዋሽንግተን አካባቢ ያለ አንድ ሆስፒታል ከቀዶ ሕክምና በፊት የሚሰጠውን መመሪያ በማሽን ወደ አማርኛ አስተረጎመ እንበል። «ከሌሊቱ 12 ሰዓት በኋላ ምግብ አይብሉ» የሚል ወጣ። ሰዋስዉ የተስተካከለ፣ አነጋገሩም ጨዋ ነው። ነርሷ እንግሊዝኛውን ታያለች፤ 12 ይላል። አማርኛውንም ታያለች፤ 12 ይላል። ምልክት አድርጋ ታልፋለች። በኢትዮጵያ ሰዓት የሚኖሩት እናት ግን ለሊቱ ሊነጋ ሲል ቁርሳቸውን በልተው ይመጣሉ፤ መባል የነበረበት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነበርና። የሞላ ሆድ ይዞ ሰመመን ውስጥ የገባ ሰው ካስመለሰው ወደ ሳንባው ሊገባበት ይችላል። (ያልተጠየቅሁትን ልበልና፣ ለጤናማ አዋቂ ውኃ ቀዶ ሕክምናው ሊጀመር 2 ሰዓት እስኪቀረው፣ ቀላል ምግብ ደግሞ 6 ሰዓት እስኪቀረው ይፈቀዳል። ለነፍሰ ጡርና ለስኳር ታካሚ ይለያያል፤ ስለዚህ የራሳችሁን ሐኪም እንጂ ይህን ጽሑፍ ይዛችሁ አትጹሙ።)

ነርሷ ሰነፍ አይደለችም። የጎደላት ያንን ስሕተት የማየት ዕድል ነው። በአሜሪካ የጤና ሕግ አንቀጽ 1557 መሠረት በ2024 የወጣው ደንብ፣ ትክክለኛነቱ ወሳኝ የሆነ ጽሑፍ በማሽን ሲተረጎም ብቃት ያለው ተርጓሚ እንዲገመግመው ያዛል። «ሰው ይየው» ብሎ አላለፈም።

ቁጥጥር አለን የሚሉ ኃላፊዎች ይህን ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል፦ ሐኪሞቻችሁ ባለፈው ወር ከፈረሙት ረቂቅ ምን ያህሉን አረሙ? አንዱን ለማንበብ ስንት ሰከንድ ወሰደባቸው? ሆን ተብሎ ስሕተት የተጨመረበት ረቂቅ ቀርቦላቸው ያውቃል? (በልምምድ ፋይል ላይ ማለቴ ነው፤ በእውነተኛ ታካሚ መዝገብ ላይ እንዳትሞክሩት።) ደግሞም በማሽኑ ምክንያት ተረፈልን ባላችሁት ጊዜ ተጨማሪ ታካሚ ከመደባችሁ፣ ለማመሳከር የታሰበው ጊዜ የቱ እንደሆነ አሳዩኝ።