መዋቅራዊ ፕላን ምንድን ነው? ጅማን ይዘን እንየው

ጅማ ውስጥ መሬት ሊገዛ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ካርታ አለው ወይ?» ብሎ ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው። ግን አንድ ይቀረዋል፦ ቦታው በከተማው ፕላን ላይ ለምን አገልግሎት ተመደበ?

ይህን የሚመልሰው መዋቅራዊ ፕላን ነው። ከተማው ወደ የት እንደሚሰፋ፣ ዋና ዋና መንገዶች በየት በኩል እንደሚያልፉ፣ መኖሪያው፣ ገበያው፣ ፋብሪካውና አረንጓዴው ቦታ የት የት እንደሚሆን የሚወስን ሕጋዊ ሰነድ ነው፤ ካርታም ማብራሪያም አለው። በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት የሚያገለግለው ለ10 ዓመት ነው። ከሥሩ ደግሞ የአካባቢ ልማት ፕላን አለ። እሱ ወደ ሰፈር ይወርድና የሕንፃ ከፍታን፣ የውስጥ ለውስጥ መንገድን የመሳሰለውን ይዘረዝራል።

ጅማ በገበያ ያደገች ከተማ ናት። በአባ ጅፋር ዘመን ቤተ መንግሥቱ ጅሬን ኮረብታ ላይ፣ ንግዱ ደግሞ ታች ሂርማታ ነበር። ከዚያ ጣሊያን መጣና ሜዳው ላይ የራሱን ከተማ ዘረጋ። በኋላም ዩኒቨርሲቲው ሰፋ፣ በ2011 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። በ1999ኙ ቆጠራ የከተማው ሕዝብ 120 ሺህ ገደማ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ምን ያህል እንደሰፋች ነዋሪው ያየዋል።

እዚህ ላይ ነው መንገድና መሬት አንድ ጉዳይ የሚሆኑት። አስፋልት በወጣበት መጀመሪያ ሱቅ ይከፈታል፣ ከሱቁ ጀርባ ቤት ይሠራል፣ ቤት ሲበዛ ባጃጅ ይመጣል፣ ከዚያ ውሃና መብራት ይጠየቃል። ስለዚህ መንገድ የት ይውጣ ብሎ መወሰን ሰው የት ይኑር ብሎ መወሰን ነው። ፋብሪካ በአንድ ጫፍ፣ ሠራተኛው አቅሙ የሚችለው ኪራይ በሌላው ጫፍ ከሆነ፣ የፕላኑን ስህተት በየቀኑ ከኪሱ የሚከፍለው ያ ሠራተኛ ነው። ይህ ጉዳይ ከሕንፃ ቁመት በላይ ሊያነጋግረን ይገባል ባይ ነኝ።

ሌላው ውሃ ነው። ጅማ ዝናቧ ብዙ ነው፣ ክረምቷም ረጅም ነው። የአዌቱ ወንዝ መሀል ከተማውን ሰንጥቆ ያልፋል፣ በዳር በኩል የቦዬ ረግረግ አለ። ረግረግ ጎርፉን ተቀብሎ ያቆየዋል፣ ቆሻሻውንም ያጣራል። ፕላኑ ላይ አረንጓዴ የተቀባ የወንዝ ዳር ብዙ ሰው «ባዶ መሬት» ይመስለዋል፤ ደላላም እንዲያ ብሎ ይሸጠዋል። ግን ቦታው ሥራ ላይ ነው። አፈር ተሞልቶ ቤት ሲሠራበት ውሃው የትም አይጠፋም፣ የጎረቤት ቤት ይገባል። ጨረቃ ቤት የሚበዛውም እንዲህ ባሉ ቦታዎች ላይ ነው፣ ምክንያቱም ርካሽ ናቸው። ከፈረሰ የሚጎዳው ደግሞ ያለ የሌለ ገንዘቡን ያፈሰሰው ሰው ነው።

በአገራችን የከተማ ፕላን አሠራር 30 በመቶው መሬት ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴና ለጋራ መጠቀሚያ፣ 40 በመቶው ለግንባታ ይሁን ይባላል። «ይህን ሁሉ መሬት ለመንገድ?» የሚል አይጠፋም። የእሳት አደጋ መኪና የማይገባበት ሰፈር ያየ ሰው ግን አይበዛበትም።

መሬት ልትገዙ ካሰባችሁ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ማዘጋጃ ቤት ሂዱና ፕላን የሚመለከተውን ክፍል ጠይቁ። ቦታው ለምን ተመድቧል? የታቀደ መንገድ ይነካዋል ወይ? ከወንዙ የሚፈለገውን ርቀት ጠብቋል ወይ? ፕላኑ ሲከለስ ደግሞ ሕዝቡ እንዲወያይበት ይጠራል። ስብሰባው ይሰለቻል፣ አውቃለሁ፤ ግን ሂዱ። መስመሩ በሰፈራችሁ ላይ ከመጽደቁ በፊት መከራከር ይቻላል፣ ከጸደቀ በኋላ ግን ማስቀየር በጣም ከባድ ነው።