ከልት አልበም ምንድን ነው? ሱቅ ያልገባው የሜምፊስ ሸክላ

ባንዳቸውን «ቢግ ስታር»፣ ማለትም ትልቅ ኮከብ፣ የመጀመሪያ አልበማቸውን ደግሞ «ነምበር ዋን ሬከርድ»፣ ማለትም አንደኛ የወጣ ሸክላ ብለው የሰየሙ አራት የሜምፊስ (አሜሪካ ያለች ከተማ ናት) ልጆች ነበሩ። ጊዜው 1972 ነው (ሁሉንም ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። አልበሙ አንደኛ መውጣት ቀርቶ መደርደሪያ ላይ እንኳን በወጉ አልተቀመጠም፣ ያኔ የተሸጠው ከ10,000 ቅጂ በታች ነው ይባላል። ዛሬ ግን የከልት አልበም ወሬ ሲነሳ ቶሎ ከሚጠሩት አንዱ ነው፣ እኔም ቃሉ በደንብ የገባኝ በዚህ አልበም ስለሆነ በሱው ላስረዳ።

ከልት የሚለው ቃል ከሃይማኖት ሰፈር ነው የመጣው፣ ከዋናው እምነት ወጣ ብለው አንድን ሰው ወይ አንድን ነገር አጥብቀው የሚያመልኩ ጥቂት ሰዎች ማለት ነው፣ እንግሊዝኛው ላይ ስድብ ቢጤም ነው። ሙዚቃና ፊልም ውስጥ ሲገባ ግን ለዘብ ይልና ብዙሃኑ የማያውቀው፣ የሚያውቁት ጥቂቶች ግን የሚሞቱለት ስራ ማለት ይሆናል። እስከዚህ ቀላል ነው። ችግሩ ሰው ቃሉን ላልተሸጠ አልበም ሁሉ መለጠፉ ነው፣ ያልተሸጠ ሁሉ ከልት ቢሆንማ እስከዛሬ ከወጣው አልበም አብዛኛው ከልት በሆነ። አሪፍ ሆኖ ተረስቶ የቀረም ከልት አይባልም፣ እሱ የተረሳ አሪፍ አልበም ነው በቃ። ከልት የሚሆነው ገበያው ጥሎት ሲያልፍ አድማጩ አንስቶት የአከፋፋዩን ስራ ራሱ ሲሰራለት ነው፤ ሲያስቀዳ፣ ሲያውስ፣ ሰው ቤት ይዞ ሄዶ ሲያስደምጥ፣ «ይሄን ሳትሰማ ሙዚቃ እወዳለሁ እንዳትለኝ» እያለ ጓደኞቹን ሲያሰለች።

ልጆቹ አሌክስ ቺልተን፣ ክሪስ ቤል፣ ቤዝ የሚጫወተው አንዲ ሀመልና ድራመሩ ጆዲ ስቲቨንስ ናቸው። ቺልተን ጀማሪ አልነበረም፣ በ1967 በ16 ዓመቱ ቦክስ ቶፕስ ከሚባል ባንድ ጋር «ዘ ሌተር» የሚለውን ዘፍኖ አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ወጥቷል፣ ማለት የምር አንደኛ። ቤል ደግሞ በቢትልስ ያበደ ልጅ ነው። አርደንት የሚባለው ስቱዲዮ ባለቤት ጆን ፍራይ የቀረጻ ስራ አስተምሯቸው ስቱዲዮው ስራ በማይኖረው ሰዓት እንዲጠቀሙ ይፈቅድላቸው ነበር፣ ስለዚህ እንደሌላው ጀማሪ ሰዓት እየተቆጠረባቸው ተጣድፈው አይደለም የቀዱት፣ ይሄ ደግሞ ሲሰማ ያስታውቃል። የባንዱን ስም ከስቱዲዮው አጠገብ ከነበረ ሱፐርማርኬት ላይ ነው ያነሱት፣ ቢግ ስታር የሱፐርማርኬቱ ስም ነው። ጉራ ይመስላል እንጂ ግማሹ ቀልድ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ገበያው እንምጣ፣ ነገሩ የተበላሸው እዚህ ጋ ነዋ። አርደንት ስቱዲዮ ብቻ ሳይሆን ሸክላም ያሳትም ነበር፣ ሸክላዎቹን የሚያሰራጨው ግን በስታክስ በኩል ነበር። ስታክስ እነ ኦቲስ ሬዲንግን እነ አይዛክ ሄይስን ያወጣ የሜምፊስ ሙዚቃ ቤት ነው፣ ሶል የሚባለውን የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ መሸጥ ያውቅበታል፣ ጊታር ታቅፈው በህብረት የሚዘፍኑ ነጭ ልጆችን ግን የትኛው ሱቅ ወስዶ እንደሚሸጥ ግራ ሳይገባው አልቀረም። እዛው 1972 ላይ ስታክስ ኮሎምቢያ ከሚባለው ግዙፍ የሙዚቃ ኩባንያ ጋር የስርጭት ውል ተፈራረመ። ሲሰሙት እንኳን ደስ አላችሁ የሚያስብል ነው አይደል? የሆነው ግን ኮሎምቢያ ስታክስ በፊት ይሰራባቸው ከነበሩት ትንንሽ አከፋፋዮች ጋር መቀጠል አልፈለገም፣ እናም እንደምንም ሱቅ ገብታ የነበረችው ጥቂት ቅጂም ተመልሳ ወጣች። እስቲ አስቡት፣ መጽሔቶቹ አልበሙን አንድ ላይ ሆነው እያሞገሱት ነው፣ አንባቢው ጓጉቶ ሱቅ ይሄዳል፣ «የለም»። ሌላ ሱቅ ይሄዳል፣ «የለም»። ቤል አልበሙ ላይ ነፍሱን ነበር ያፈሰሰው፣ ነገሩ ሰብሮት 1972 ሳያልቅ ባንዱን ለቆ ወጣ። በ1974 የቀሩት ሶስቱ ሁለተኛውን አልበም «ሬዲዮ ሲቲ»ን አወጡ፣ እሱም ያው ስርጭት ላይ ቀረ። በ1975 መጨረሻ ስታክስ ራሱ ከስሮ ተዘጋ።

ሙዚቃውስ ካላችሁ፣ ሮክ ማለት የረዘመ የጊታር ሶሎና የከበደ ድምፅ በሆነበት ሰዓት እነዚህ ከሶስትና አራት ደቂቃ ብዙም የማያልፉ፣ አዝማቻቸው ጆሮ ላይ የሚጣበቅ ዘፈኖች ይዘው ነው የመጡት፣ በኋላ ፓወር ፖፕ የተባለው ነገር። አራተኛው ዘፈን «ሰርቲን» ይባላል፣ አስራ ሶስት ማለት ነው። ድራም የለውም። አኩስቲክ ጊታር፣ የቺልተን ድምፅ፣ ከኋላው ደግሞ ሳሳ ያለ ተቀባይ። አንድ ልጅ የሚወዳትን ልጅ ከትምህርት ቤት ልሸኝሽ ወይ ይላታል፣ አባቷ ትንሽ እንዲተዉት ትነግርለት እንደሆነ ይለማመጣታል፣ እምቢ ካለችም አላስገድድሽም ይላል፣ በሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ አለቀ። እኔ መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ድራሙ ሊገባ ነው፣ አሁን ሊፈነዳ ነው እያልኩ ስጠብቅ ዘፈኑ አለቀና ስልኬ ላይ መልሼ ወደ መጀመሪያው ሄድኩ፣ ከዛ ደግሞ መለስኩት፣ በአራተኛው ይመስለኛል የሚጠበቅ ነገር እንደሌለ የገባኝ፣ የ13 ዓመት ልጅ ፍርሃት ራሱ ነው ዘፈኑ። እንደዚህ አይነት ዘፈን ለብቻህ የሰማኸው ይመስልሃል፣ ለሰው ካልነገርክ ደግሞ አያስችልህም። ከልት የሚባለው ስሜት እነዚህ ሁለቱ ሲጣሉ ነው።

ታዲያ ሱቅ ካልገባ እንዴት እዚህ ደረሰ? በሰው እጅ ነዋ። መጀመሪያ ተቺዎቹ ናቸው፣ ለነሱ አልበሙ በፖስታ ይላክላቸው ስለነበር እጃቸው ላይ ነበረው። በግንቦት 1973 ሜምፊስ ላይ የሮክ ጸሐፊዎች ስብሰባ ተዘጋጅቶ ቢግ ስታር ቤል በሌለበት እዛ ተጫወቱ፣ እጁን አጣጥፎ መስማት ስራው የሆነ ሰው ሁሉ ሲጨፍር አመሸ እየተባለ እስካሁን ይወራል። በ1978 እንግሊዝ ውስጥ ሁለቱ አልበሞች አንድ ላይ ታተሙ። ከዛ ወዲህ ነገሩን የተሸከሙት ሙዚቀኞች ናቸው፤ አር ኢ ኤም የሚባለው ባንድ ጊታሪስት ፒተር በክ ስማቸውን ሲያነሳ ሲጥል ኖረ፣ ባንግልስ የሚባሉት የሴቶች ባንድ በ1986 ከሁለተኛው አልበም አንድ ዘፈን ወስደው እንደገና ሰሩት፣ ሪፕሌስመንትስ የሚባለው የሚኒያፖሊስ ባንድ ደግሞ በ1987 ርዕሱ ራሱ «አሌክስ ቺልተን» የሆነ ዘፈን አወጡ። በ2003 ሮሊንግ ስቶን መጽሔት የምንጊዜም 500 ምርጥ አልበሞች ብሎ ሲዘረዝር እስከዛ ድረስ የወጡት ሶስቱም የቢግ ስታር የስቱዲዮ አልበሞች ገብተዋል። ሶስት አልበም ሰርተው ሶስቱም!

አድናቂዎቹ ግን ሁሌ ደስ የሚሉ አይደሉም፣ ራሴንም ጨምሬ ነው። አንደኛ ምቀኝነት አለብን፣ ሰው ይወቅላቸው እያልን ስንጮህ ኖረን ሰው ሲያውቃቸው ይከፋናል። በ1998 ከአልበሙ «ኢን ዘ ስትሪት» የሚለው ዘፈን በሌላ ሰው ተዘፍኖ «ዛት ሰቨንቲስ ሾው» ለሚባለው የቲቪ ኮሜዲ መክፈቻ ሆነ፣ በየሳምንቱ ስንት ሰው የማን እንደሆነ ሳያውቅ አብሮ አንጎራጎረው። ቺልተን ፕሮግራሙን «የ70 ዶላሩ ሾው» እያለ ይቀልድበት ነበር፣ በተላለፈ ቁጥር የሚደርሰኝ 70 ዶላር ነው ብሎ። ሁለተኛ ደግሞ መከራቸውን ከሙዚቃው ጋር እያማታን እናጣጥመዋለን። ቤል በታህሳስ 1978 መጨረሻ በ27 ዓመቱ በመኪና አደጋ ሞተ፣ ይሄን ታሪክ እያወራ ዘፈኑን የሚያስከፍት ሰው ብዙ ነው፣ እኔ አልወደውም፣ ዘፈኖቹ ያለ ሬሳ ሳጥኑም ቆመው የሚሄዱ ናቸው።

ከሁሉም የሚገርመኝ ቺልተን ራሱ የዚህ ከልት አባል አለመሆኑ ነው። በ80ዎቹ መጀመሪያ ኒው ኦርሊንስ ገብቶ ምግብ ቤት ውስጥ ሳህን እያጠበ ኖሯል፣ ስለ ቢግ ስታር ሲጠይቁት ደግሞ ጥቂት ጥሩ ዘፈን አለው እንጂ ሰው ከልኩ በላይ አግኖታል ባይ ነበር። ደጋፊው ይሄን ሲሰማ ትህትና ነው ብሎ ይተረጉማል። አይመስለኝም፣ የምሩን ነው። ግን ያ የሱ ፋንታ አልነበረም፣ አልበሙ ያኔ ከእጁ ወጥቶ የአድማጩ ሆኗል። ይሄ የከልት አንዱ ምልክት ነው፣ ሰሪው እንኳን «ተውት» ቢል የሚሰማው የለም።

በሚያዝያ 1993 የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ሬዲዮ ልጆች እስቲ እንሞክር ብለው ተጫወቱልን አሉ፣ ቺልተን ማንም ሳይጠብቅ እሺ አለ። ቤል ሞቷል፣ ሀመል ሙዚቃ ትቷል፣ ስለዚህ ቦታቸውን የሸፈኑት ፖዚስ የሚባል የሲያትል ባንድ ሁለት ልጆች ናቸው፣ ሁለቱም የለየላቸው የቢግ ስታር አድናቂዎች ስለነበሩ ዘፈኖቹን ገና ልምምድ ሳይጀመር ያውቋቸዋል። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሎ ተጫወቱ፣ ዝግጅቱ ተቀድቶ እዛው ዓመት በአልበም ወጣ፣ የአልበሙንም ስም ዩኒቨርሲቲው ባለበት ከተማ ስም ሰየሙት። ከተማዋ ኮሎምቢያ ትባላለች።