የባህል ነጠቃ ምንድን ነው? ከአድናቆትስ በምን ይለያል?

በ2013 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ናይኪ ጠባብ የሴቶች የስፖርት ሱሪ ለገበያ አቀረበ። ሱሪው ላይ የታተመው ጥለት የተቀዳው ከ«ፔአ» ነበር። ፔአ በፓስፊክ ውቅያኖስ ደሴቶች የሚኖሩ የሳሞአ ወንዶች ከወገብ እስከ ጉልበት የሚነቀሱት ንቅሳት ነው። ጥርስ ያለው መሣሪያ በእንጨት እየተመታ ቀለሙ ቆዳ ውስጥ ይገባል፤ ሥራው ብዙ ቀን ይፈጃል፣ ሕመሙ ከባድ ነው፣ ጀምሮ ማቋረጥም ለቤተሰብ ጭምር የሚተርፍ ኀፍረት ነው። ሴቶቹ «ማሉ» የሚባል የራሳቸው ንቅሳት አላቸው። ሳሞአውያን ተቆጡ፤ ኩባንያው ይቅርታ ጠይቆ ሱሪውን ከገበያ አነሳ። ጥለቱ ማማሩ ማንንም አላስከፋም። ያስቆጣው ወንድ ልጅ በስቃይ የሚያገኘው ማዕረግ የሴት ሱሪ ማስጌጫ መሆኑ ነው፤ ያውም ማንም ሳይጠየቅ።

የባህል ነጠቃ የሚባለው ይህን መሰሉ ነገር ነው። አንድ ማኅበረሰብ የራሱ የሚለውን ምልክት፣ ልብስ፣ ዜማ ወይም ሥርዓት አቅሙ የበረታ የውጭ ሰው ወስዶ ትርጉሙን ሲያራቁተው፣ ምንጩን ሲሸሽገው ወይም ትርፉን ብቻውን ሲበላው ማለት ነው። «ነጠቃ» የሚለው ቃል ግን ትንሽ ያሳስታል። በሬውን የተነጠቀ ሰው በሬ የለውም፤ ዜማው የተወሰደበት ሰው ግን ዛሬም ማዜም ይችላል። «ታዲያ ምኑ ተወሰደ?» ብለው የሚከራከሩ ሰዎች ጥያቄያቸው የዋዛ አይደለም። መልሱ እንደ ጉዳዩ ይለያያል፤ በፔአ የተወሰደው ትርጉም ነው፣ አንዳንዴ ግን የሚወሰደው ጥሬ ገንዘብ ነው።

ደቡብ አፍሪካዊው ሰለሞን ሊንዳ በ1939 ጆሃንስበርግ ውስጥ «ምቡቤ» የተባለ ዘፈን ቀረጸ። ለመብቱ ያገኘው 10 ሽልንግ ነበር። ዜማው አሜሪካ ተሻግሮ ግጥሙ ተቀየረለት፣ በ1961 በነጭ ወጣቶች ቡድን ተዘፍኖ ገበያውን ተቆጣጠረ። ሊንዳ በቀጣዩ ዓመት በድህነት ሞተ። ልጆቹ ከድርሻቸው የሚገባቸውን ለማግኘት የተስማሙት ክስ መሥርተው በ2006 ነው። እዚህ ላይ ዘፈኑን የወደደው አድማጭ ጥፋተኛ አይደለም። ጥፋቱ ያለው ስሙና ክፍያው በመንገድ ላይ በወደቁበት ቦታ ነው።

ዘር ከጉዳዩ ጋር የሚተሳሰረው በሌላ መንገድ ነው፦ ያው ነገር አንዱን ሲያስጌጥ ሌላውን ሲያስቀጣ። በ2010 አላባማ ውስጥ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ደንበኞችን በስልክ የማስተናገድ ሥራ አግኝታ ድሬድ ፀጉሯን አልቆርጥም በማለቷ ቅጥሯ ተሰረዘ። በ2016 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለቀጣሪው ፈረደ። ምክንያቱ ሕጉ የሚከላከለው የማይለወጥ የዘር ባሕርይን ነው፣ የፀጉር አሠራር ግን ሊለወጥ ይችላል የሚል ነበር። በዚያው ዓመት በኒውዮርክ የፋሽን መድረክ አብዛኞቹ ነጭ የሆኑ ሞዴሎች ባለቀለም የሱፍ ድሬድ ተሰክቶላቸው ተራመዱ፤ በእነሱ ላይ ፈጠራ ተባለ። ካሊፎርኒያ በ2019 እንዲህ ያለውን የፀጉር መድልዎ በሕግ የከለከለች የመጀመሪያዋ ግዛት ሆነች። በፀጉር ክርክር ውስጥ «እኛም እኮ ወደነው ነው» የሚለው መልስ የማያረካው ለዚህ ነው። ተናጋሪው ፀጉሩን ሲሰለቸው ይፈታዋል፤ ሌላዋ ግን ሥራዋን ታጣበታለች።

ይህ ማለት ግን የቆዳ ቀለም ፈቃድ ይሰጣል፣ ይከለክላል ማለት አይደለም። ባህል የሚማሩት ነገር ነው፤ ዘር ደግሞ ማኅበረሰብ በትውልድና በመልክ የሚያስቀምጥህ ሣጥን ነው። ሁለቱን ማምታታት በሁለቱም በኩል ያስቸግራል። በ2015 የቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ጎብኚዎች ከፈረንሳዊው ሠዓሊ ሞኔ አንድ ሥዕል ፊት ኪሞኖ የተባለውን የጃፓን ባህላዊ ልብስ ለብሰው ፎቶ እንዲነሱ ጋበዘ። ተቃውመው የወጡት በአብዛኛው የእስያ ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን ወጣቶች ነበሩ፤ ሙዚየሙም መልበሱን ትቶ መንካትን ብቻ ፈቀደ። ነገር ግን ኪሞኖዎቹ በጃፓን የተሠሩ፣ በዚያም ለጎብኚዎች ቀርበው የነበሩ ናቸው፤ ተቃውሞውን የተቃወሙ ጃፓናውያንም ነበሩ። በእኔ እምነት ሁለቱም ወገን ልክ ነበር። በሀገሩ ባለቤት ሆኖ የሚኖር ጃፓናዊ ልብሱን ለእንግዳ ማልበስ ክብር ነው፤ በአሜሪካ ትምህርት ቤት በመልኩ ሲሾፍበት ያደገ ልጅ ግን ያው ልብስ መቀለጃ ሲሆን አይቷል። ስለዚህ «አንድ ጃፓናዊ ጓደኛዬ ችግር የለውም ብሎኛል» ማለት ነገሩን አይዘጋውም፤ የአንድ ሰው መከፋትም እንዲሁ።

ሕግስ? የቅጂ መብት እዚህ ላይ አቅም የለውም። የሚጠብቀው ደራሲው የታወቀና አዲስ የሆነ ሥራን ነው፤ ጊዜውም ያልቃል። የጥንት ጥለት ደግሞ ባለቤቱ ሕዝብ ነው፣ የተፈጠረበት ቀንም አይታወቅም። በንግድ ምልክት ስም መጠበቅ ግን ይቻላል። ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የናቫሆ ሕዝብ መንግሥት «ናቫሆ» የሚለውን ስም አስመዝግቦት ስለነበር፣ በስሙ የውስጥ ሱሪና የመጠጥ ኮዳ የሸጠውን ኧርባን አውትፊተርስ የተባለ የአሜሪካ የልብስ መደብር በ2012 ከሶ በ2016 በስምምነት ጨረሰ። ኮዳው በተለይ ያቆሰለው በአብዛኛው የናቫሆ ምድር አልኮል መሸጥ ክልክል ስለሆነ ነው። ኒውዚላንድ ደግሞ በ2014 «ካ ማቴ» ለተባለው ሃካ (የነባሩ የማኦሪ ሕዝብ ባህላዊ ጭፈራ) የተለየ ሕግ አወጣች፦ ለንግድ የሚያሳትመው ወይም ለሕዝብ የሚያሰራጨው ደራሲው የንጋቲ ቶዋ ነገድ አለቃ ቴ ራውፓራሃ መሆኑን መግለጽ አለበት። ካሳ ግን አያስከፍልም፤ ፍርድ ቤቱ ማድረግ የሚችለው መብቱን ማወጅ ብቻ ነው።

ከሌላ ሕዝብ ጥለት ወስዶ ሊሠራ ያሰበ ዲዛይነር መጀመሪያ የሕዝቡን ስም በትክክል ይወቅ። «አፍሪካዊ ጥለት» ወይም «የሕንድ ዲዛይን» የሚል መለያ ካለ ምርምሩ ገና አልተጀመረም ማለት ነው። ቀጥሎ ነገሩ ለማን እንደሚፈቀድ ይጠይቅ፤ ለለቅሶ ነው? ለካህን ነው? በጀግንነት የሚገኝ ነው? ሁሉም ሰው በአዘቦት ቀን የሚለብሰው ከሆነ መንገዱ ይቀላል። ጥያቄው ግን በሕዝቡ ስም መናገር ለሚችል አካል፣ ለምክር ቤት ወይም ለሸማኔዎች ማኅበር፣ ይቅረብ፤ ያውም ናሙናው ከመሠራቱ በፊት። ብዙዎቹ ስህተት የሚሠሩት እዚህ ነው፤ ዕቃው ታትሞ ካለቀ በኋላ «አስተያየት» ይለምናሉ። ውሉ ላይ የሕዝቡ ስም መለያው ላይ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ከእያንዳንዱ ሽያጭ ስንት በመቶ እንደሚሰጥ፣ የመጨረሻውን ንድፍ አይቶ እምቢ የማለት መብት የማን እንደሆነ፣ ፈቃዱ መቼ እንደሚያበቃ ይስፈር።

ለመልበስ ብቻ የሚፈልግ ሰው ይህ ሁሉ አያስፈልገውም። ከሠሪዎቹ እጅ ይግዛ፣ እነሱ በሚለብሱበት አኳኋን ይልበሰው፣ ለሰርግ ከተጋበዘና ልበስ ካሉት ደስ ብሎት ይልበስ። የሌላ ዘር ሰው የሚያስመስል ቀለም ፊት ላይ መቀባት ግን ልብስ አይደለም። የሰሜን አሜሪካ ሜዳማ ምድር ነባር ሕዝቦች የንስር ላባ ዘውድም በምንም ውል የሚገኝ አይደለም፤ ላባው አንድ በአንድ በሥራ የሚገኝ ነው። እምቢ ከተባሉ፣ ያው ሕዝብ ለሽያጭ ብሎ የሚሠራው ሌላ ዕቃ አይጠፋም፤ እሱን መግዛት ነው።