ጋፋት፦ የአፄ ቴዎድሮስ መድፍ ማቅለጫ መንደር

ጋፋት ከደብረ ታቦር ከተማ ወጣ ብሎ የሚገኝ ቦታ ነው። በእግር ብዙም አያስኬድም። ዛሬ በደቡብ ጎንደር ዞን ሥር ነው። በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን መድፍ፣ የቦምብ መወርወሪያና ሠረገላ የሚሠራበት መንደር ነበር። በአገራችን ታሪክ መንግሥት በራሱ ትእዛዝ ያቋቋመው የመጀመሪያው የብረታ ብረት ፋብሪካ ብንለው ማጋነን አይሆንም። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጋፋት የሚለው ስም ከዓባይ በስተደቡብ ይኖር የነበረ ሕዝብም ስም ነው። የራሱ ሴማዊ ቋንቋ ነበረው፤ ቋንቋው አሁን ጠፍቷል። መንደሩ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሕዝብ ነው የሚሉ አሉ። አውሮፓውያኑ ከመምጣታቸው በፊትም ቦታው የባለጆች መንደር እንደነበር ይነገራል። ይህ እውነት ከሆነ ንጉሡ ቦታውን የመረጡት እንዲሁ በዘፈቀደ አይደለም ማለት ነው።

ከጋፋት በፊት የነበረው ሙያ

ብረታ ብረት ለአገሩ አዲስ ነገር አልነበረም። የአክሱም ነገሥታት ከ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ጀምሮ የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ገንዘብ አስመትተዋል። የላሊበላ ዐለትም የተጠረበው በብረት መሣሪያ ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት መቶ ዓመታትም ማረሻው፣ ማጭዱና ጦሩ ከባለጅ እጅ አልጠፋም።

ሥራው እንዲህ ነበር። ባለጁ ብረት ያለበትን ድንጋይ ለቅሞ ይሰባብራል። ድንጋዩንና ከሰሉን እያፈራረቀ በጭቃ ምድጃ ውስጥ ይጨምራል። ከምድጃው ግርጌ የሸክላ አፍንጫ አለ። ከአፍንጫው ጀርባ ሁለት የፍየል ቆዳ ወናፍ ይገጠማል። ወናፍ የሚነፋው ሰው አንዱን እጁን ሲጫን ሌላውን ያነሳል፤ ነፋሱ ለአፍታም መቋረጥ የለበትም። ይህ ለሰዓታት ይቀጥላል። ትከሻ የሚያስጎነብስ፣ ዓይን የሚያቃጥል ሥራ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነጥብ ልብ ይሏል። ንጹሕ ብረት የሚቀልጠው በ1,538 ዲግሪ ሴልሲየስ ነው። እንዲህ ያለው ምድጃ ደግሞ ከ1,200 ዲግሪ ብዙም አይዘልም። ስለዚህ ብረቱ እንደ ውሃ አይሆንም። ቀልጦ የሚወርደው ቆሻሻው ነው። ብረቱ እንደ ስፖንጅ የተቦረቦረ ጓል ሆኖ ይቀራል። ባለጁ ጓሉን በጉጠት ይዞ፣ ትኩስነቱ ሳይበርድ መስፍ ላይ ደጋግሞ ይቀጠቅጠዋል። ቀሪው ቆሻሻ የሚወጣው በመዶሻ ነው። ቀጥቃጭ የሚለው ስምም ከዚሁ የመጣ ነው።

ከዚህ ጓል ጥሩ ማረሻ ይወጣል፣ ጥሩ ጦር ይወጣል። መድፍ ግን አይወጣም። መድፍ ለመሥራት ብረታ ብረቱ ፈሳሽ ሆኖ ቅርጽ ውስጥ መግባት አለበት። የጋፋት ችግር ሁሉ የተጀመረው እዚህ ነው።

ስለ ባለጁ ኑሮ ሳይናገሩ ማለፍ ደግሞ ነውር ነው። አገሩ በሙሉ በእሱ ማረሻ እያረሰ፣ በእሱ ጦር እየተዋጋ፣ እሱን ቡዳ ይለው ነበር። ማታ ጅብ ይሆናል ተብሎም ይፈራ ነበር። በጎንደር ዙሪያ ይህን ሥራ ከያዙት ብዙዎቹ ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ፤ ልጆቻቸው ዛሬ በአብዛኛው የሚኖሩት እስራኤል ነው። መሬት መያዝ ሲከለከሉ የቀራቸው እሳቱ፣ ሸክላውና ሸማው ነበር።

የጋፋት ዘመን

አፄ ቴዎድሮስ በ1855 ነገሡ። ቱርክና ግብፅ መድፍ እንዳላቸው፣ እሳቸው ግን እንደሌላቸው ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። መሣሪያ ከመግዛት ይልቅ መሥራቱን መማር ፈለጉ። ከዘመኑ መሳፍንት ሁሉ የሚለያቸው ይህ ይመስለኛል።

በኢየሩሳሌም የነበረው ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት የእጅ ሙያ ያላቸውን ሚስዮናውያን ወደ ኢትዮጵያ ለመላክ አስቦ ነበር። ከስዊዘርላንዷ ባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ተቋም የሰለጠኑ ወጣቶች ከ1856 ጀምሮ ተራ በተራ መጡ። ቤንደር፣ ማየር፣ ኪንዝለን፣ ዛልሙለርና ቴዎፊል ዋልድማየር ከነሱ ውስጥ ናቸው። ወንጌል ለመስበክ ነበር አመጣጣቸው። ንጉሡ ግን ከስብከታቸው ይበልጥ እጃቸውን ፈለጉት። ከነሱ ጋር ሞሪትዝ ሆል የሚባል ከፖላንድ የመጣ ሰውና ቡርጎ የሚባል ፈረንሳዊ የጠመንጃ ሠራተኛም ነበሩ።

መጀመሪያ የተሰጣቸው ሥራ መንገድና ሠረገላ ነበር። ከዚያ ትእዛዙ ወደ መድፍ ዞረ። ሚስዮናውያኑ አንችልም አሉ። ውሸት አልነበረም፤ ከመካከላቸው መድፍ አቅልጦ የሚያውቅ አልነበረም። ንጉሡም አሽከሮቻቸውን አሰሩባቸው። እሺ፣ እንሞክራለን እስኪሉ ድረስ አልፈቷቸውም። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ሁለተኛውም አልሆነም። ንጉሡ ግን አልተቆጡም፤ እንደገና ሞክሩ አሉ እንጂ። በመጨረሻ ቀልጦ የተቀዳው ነገር ቅርጹን ይዞ ወጣ። የዕለቱን ደስታ ሠራተኞቹ ራሳቸው ጽፈውታል። ንጉሡ ሽልማት አዘነቡላቸው።

የተቀዳው ነሐስ፣ ማለትም የመዳብና የቆርቆሮ ቅልቅል ነበር። ለምን ነሐስ ተመረጠ? መልሱ ከላይ ባየነው የሙቀት ቁጥር ውስጥ አለ። መዳብ በ1,085 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ቆርቆሮ ሲቀላቀልበት ደግሞ ከዚያም ባነሰ። በከሰልና በወናፍ የሚደረስበት ሙቀት ነው። ይህ ማለት ግን ቀላል ነው ማለት አይደለም። ቅርጹ የሚሠራበት ጭቃ እስከ ውስጡ መድረቅ አለበት። ጥቂት እርጥበት ከቀረ፣ የቀለጠው ነሐስ ሲነካው ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ቅርጹን ያፈነዳዋል። አጠገቡ የቆመ ሰውም አይተርፍም። ሌላው ችግር ጊዜ ነው። ትልቅ መድፍ ሲቀዳ ነሐሱ በሙሉ ያለማቋረጥ መግባት አለበት። መሃል ላይ ከተቋረጠ የፊተኛው ይበርድና ከኋለኛው ጋር ሳይዋሃድ ይቀራል። መድፉ ሲተኮስ የሚሰነጠቀው በዚያች መስመር ነው። የምድጃው ግድግዳም ራሱ እንዳይቀልጥ ጥሩ ሸክላ ይፈልጋል። ይህን ሁሉ ጋፋት ላይ የተማሩት እያበላሹ ነው።

ከሰሉን ያከሰለው፣ ጭቃውን የረገጠው፣ ወናፉን የነፋው ግን ማን ነበር? የአውሮፓውያኑ ስም ከነአባታቸው ተመዝግቧል። የኢትዮጵያውያኑ ሠራተኞች ስም አልተጻፈም። የትኛው አፈር እሳት ይችላል፣ የትኛው እንጨት ጥሩ ከሰል ይወጣዋል የሚለውን ከአገሬው ባለጅ በላይ የሚያውቅ እንዳልነበረ አያጠራጥርም። የጋፋትን ምስጋና ሁሉ ለሚስዮናውያን የሚሰጥ ጽሑፍ ሳነብ ቅር የሚለኝ ለዚህ ነው።

መንደሩ የሥራ ቦታ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ወጣቶች ሙያና ፊደል የሚማሩበት ትምህርት ቤት ነበረው። ትዳርም ተመሠረተበት፦ ዋልድማየርና ዛልሙለር የንጉሡ ወዳጅ የነበረውን የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ሴቶች ልጆች አገቡ።

በ1866 አፄ ቴዎድሮስ ፍላድ የሚባለውን ሚስዮናዊ ወደ እንግሊዝ ላኩት። በደብዳቤያቸው የጠየቁት ወርቅ አይደለም፤ መድፍ የሚሠራና ብረት የሚያቀልጥ ባለሙያ ከነመሣሪያው ነው። ባለሙያዎቹና ማሽኖቹ ምጽዋ ድረስ መጡ። ንጉሡ ያሰሯቸው እንግሊዛውያን ካልተፈቱ ወደ ላይ አይወጡም ተባለ፤ ከዚያው ተመለሱ።

ሴባስቶፖል

ከተሠሩት ሁሉ ትልቁ ሴባስቶፖል ነው። ስሙ የተወሰደው በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ ከተከበበችው የሩሲያ የወደብ ከተማ ነው። ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል፣ ማለትም 7 ቶን ገደማ እንደሆነ ይነገራል። ጋፋት ተሠራ የሚለው የታወቀው አባባል ነው። በ1867 ሠራተኞቹ ወደ ደብረ ታቦር ስለተዛወሩ የመጨረሻው ሥራ እዚያ ነው የተፈጸመው የሚሉም አሉ። ያም ሆነ ይህ የተቀዳው ጋፋት በተማረ እጅ ነው።

በጥቅምት 1867 ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሱ። ያንን የሚያህል መድፍ የሚያሳልፍ መንገድ አልነበረም፤ እየጠረጉ መሄድ ነበረባቸው። ገደሉ በባሩድ ተፈለጠ። የጅጣን ሸለቆ ወርደው ወጡ፤ የበሽሎንም እንዲሁ። ሴባስቶፖልን በጠፍር የሚጎትተው ሰው በመቶዎች የሚቆጠር ነበር። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ሲያነሱ ያዩ እስረኞች በኋላ ጽፈውታል። መቅደላ የደረሱት በመጋቢት 1868 ነው።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ እስረኞቹን ለማስፈታት ከመጣው የእንግሊዝ ጦር ጋር መቅደላ አጠገብ የአሮጌ ጦርነት ሆነ። ከትልልቆቹ መድፎች አንዱ ሲተኮስ ፈነዳ። ሴባስቶፖል ነው የሚሉ አሉ፤ «ቴዎድሮስ» የተባለው ሌላው መድፍ ነው የሚለው ግን ሚዛን ይደፋል። ሚያዝያ 6 ንጉሡ ሽጉጣቸውን ጠጡ። እንግሊዞች ያገኟቸውን መድፎች ሰባብረው ሄዱ። ሴባስቶፖል ግን ዛሬም መቅደላ ላይ አለ። አዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና፣ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የቆመው ቅጂው ነው።

ከዚያ ወዲህ

አውሮፓውያኑ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ። ዋልድማየር ሊባኖስ ሄዶ በብሩማና ትምህርት ቤት፣ በኋላም የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቋመ። ሞሪትዝ ሆል ጃፋ ላይ ኖረ፤ በመቅደላው ጦርነት ሰሞን የተወለደችው ልጁ ማግዳሌና የተዋናዩ የፒተር ኡስቲኖቭ አያት ናት። ጋፋት ላይ ግን እሳቱ ጠፋ።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አወጡ። ስድቡ በአዋጅ ወዲያው አልቆመም፤ ባለጁ ግን ከሕግ ፊት የሚይዘው ቃል አገኘ። ድንጋይ አቅልጦ ብረት ማውጣቱ ከውጭ በሚገባው ብረት ብዛት እየቀረ ሄደ። የጋፋት ስም በኋላ ለአንድ የአገር ውስጥ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ተሰጥቷል።

በገጠር ገበያ ዳር ዛሬም ባለጅ ይገኛል። ጥሬ ዕቃው የመኪና ባሌስትራ ነው። ቆርጦ ከሰሉ ውስጥ ያስገባዋል፤ ልጁ ወናፉን ይነፋል። ብረቱ ብርቱካን ሲመስል በጉጠት አውጥቶ ይቀጠቅጠዋል። ሲጠቁር ይመልሰዋል። ጫፉ ሲሾል ውሃ ውስጥ ይነክረዋል፤ ሽው ይላል። ገበሬው አጠገቡ ቁጭ ብሎ ማረሻውን ይጠብቃል።