«ሆርን ስፒከር ይጮኻል» እና ሌሎች እቤቴ የሰማኋቸው ስህተቶች

ባለፈው በጋ አራት ኪሎ ያለችው ቤቴ ሳሎን ውስጥ፣ ቁመታቸው ከወገቤ በላይ የሚሆን ሁለት ሆርን ስፒከሮች ሠርቼ ጨረስኩ። ኮምፔርሳቶውን ቆርጬ አጣበቅኩ፣ በስስ የዋንዛ ልባጥ ለበድኳቸው፣ ቫርኒሽ ቀባኋቸው። ከዚያ ወዲህ የሚጠይቀኝ እንግዳ ሁሉ ቡናው ሳይፈላ አንድ አስተያየት ይሰነዝራል። አብዛኛው ስህተት ነው። ግማሹን ግን እኔም አምኜበት እንጨት አበላሽቼበታለሁና ማንንም አልታዘብም።

«ሆርን ማለት የሎተሪ መኪና ድምፅ አይደል?»

ለአዲስ አበባ ሰው ሆርን ሲባል መጀመሪያ የሚታየው ያ ግራጫ ጡሩምባ ነው፤ ሎተሪ ሻጭ መኪና ጣሪያ ላይ ታስሮ ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ የሚነሳን። ዘመዱ መሆኑን አልክድም። ግን እሱ የተሠራው ለንግግር ብቻ ነው። ጡሩምባው አጭር፣ አፉ ትንሽ ስለሆነ ከጥቂት መቶ ሄርዝ (በሰከንድ ከጥቂት መቶ ርግብግብ) በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ ጨርሶ አያወጣም፤ የክራር ወፍራም ጅማት ወይም የቤዝ ጊታር እዚያ ውስጥ የለም። በዚያ ላይ ማጉያው እስከ ጥግ ተከፍቶ ድምፁ የተቆራረጠ ነው። ጆሮ የሚወጋው የጡሩምባው ቅርጽ ሳይሆን እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ሆርን የሚሠራውን ለመረዳት የእድራችንን ጡሩምባ ነፊ ማሰብ ይበቃል። ሰውየው ከንፈሩን አጣብቆ ባዶውን ቢነፋ ጎረቤት እንኳ አይሰማውም። ያንኑ ትንፋሽ ጡሩምባ ሲቀበለው ግን ሰፈሩ በሌሊት ይነሳል። ጡሩምባው ጉልበት አልጨመረለትም። በጠባቡ በኩል የገባውን ትንሽ ግን ብርቱ ግፊት፣ ቀስ በቀስ እየሰፋ ለውጪው አየር አስረከበው እንጂ። ሆርን የሌለው ስፒከር በአንጻሩ ሸራውን፣ ያንን የሚርገበገብ ስስ ፊቱን፣ እያወዛወዘ አየሩን በቀጥታ ይገፋል፤ አየሩም በየጎኑ ያመልጠዋል። ከሚገባለት ኤሌክትሪክ ወደ ድምፅ የሚለወጠው 1 በመቶ ገደማ ነው፤ የተረፈው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። በደንብ የተሠራ ሆርን 10 በመቶ እና ከዚያ በላይ ይደርሳል።

«ይሄን የሚያህል ሳጥን ስንት መቶ ዋት ይፈልግ ይሆን?»

በጣም የምሰማው ይሄንን ነው፤ የሚያስቀኝም ይሄው ነው። ለሠርግ የሚከራየው ሞንታርቦ አስተምሮናል፦ ትልቅ ሳጥን ካለ ትልቅ ማጉያ አለ። የሆርን ነገር ግን ተገላቢጦሽ ነው።

ቁጥሩን እንየው። ሱቅ ውስጥ የምናገኘው የተለመደ የቤት ስፒከር በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት 87 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ገደማ ይሰጣል። አሜሪካዊው ፖል ክሊፕሽ በ1946 ማምረት የጀመረው የማዕዘን ሆርን ደግሞ 105 ዴሲቤል ተብሎ ይመዘገባል። ልዩነቱ 18 ነው። ለእያንዳንዱ 3 ዴሲቤል ጉልበቱን እጥፍ ማድረግ ግድ ስለሆነ፣ ያ ሆርን በ1 ዋት የሚሠራውን ሌላው ለመሥራት 64 ዋት ገደማ ይፈልጋል። በ1920ዎቹ መጨረሻ ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ ሙሉ የሲኒማ አዳራሽ በጥቂት ዋት አምፖል ማጉያ ይሞላ የነበረው በዚሁ ምክንያት ነው። ትልቅ ማጉያ ያኔ ስላልነበረ ጡሩምባው ግዴታ ነበር።

የእኔ ማጉያ ትንሽ ናት። ማታ ሸክላ ስሰማ ከ1 ዋት ብዙም አትርቅም። ለጎረቤትም የከፋሁ አይመስለኝም፤ ዝቅ አድርጌም ቢሆን የመሲንቆው ምት ሕይወት አለው።

«በዓይን ብለን እናሰፋዋለን፣ ምን ችግር አለው?»

ይህን ያሉኝ ሳጥኑን ለመቁረጥ የረዱኝ አናጺ ናቸው። እጃቸው ወርቅ ነው፤ ቁም ሣጥን ቢሠሩ ማንም አይስተካከላቸውም። «ጋሼ፣ ልኩ እዚህ ወረቀት ላይ አለ» ብላቸው፣ «ልጄ፣ አርባ ዓመት ሙሉ እንጨት ስቆርጥ ወረቀት አይቼ አላውቅም» አሉኝ። አፈርኩና ተውኩት። ድምፁ ሳጥኑ ውስጥ የሚያልፍበት መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል እኩል እየጨመረ፣ እንደ ፍሳሽ ቦይ ሆኖ ሰፋ። ውጤቱ? አንዷ የቤዝ ድምፅ እንደ በርሜል ትጮኻለች፣ የቀሩት ጠፉ። የመጀመሪያው ሳጥን ዛሬ የጫማ መደርደሪያ ነው።

ሆርን እኩል እየጨመረ አይሰፋም። በእኩል ርቀት እጥፍ እጥፍ እየሆነ ነው የሚሄደው፤ መጀመሪያ ላይ የተለወጠ አይመስልም፣ መጨረሻ ላይ ግን በአንዴ ይከፈታል። እስከ 50 ሄርዝ እንዲወርድ ከፈለጋችሁ የመንገዱ ስፋት፣ በካሬ ሲለካ፣ በየ38 ሳ.ሜ. እጥፍ መሆን አለበት። ቶሎ ቶሎ ከሰፋ ወፍራሙ ድምፅ ያመልጣል። መንገዱ ሳጥን ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢታጠፍ ጉዳት የለውም፤ የ50 ሄርዝ ሞገድ 7 ሜትር ያህል ርዝመት ስላለው እጥፋቱን ከነመፈጠሩም አያውቀውም። ልኩን ግን ያውቃል።

«ቤዝ ከሆነ አፉ በር ማከል አለበት»

እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አለ። ለ50 ሄርዝ የሚበቃ ሆርን ሜዳ ላይ ቢቆም የአፉ ስፋት 3.7 ካሬ ሜትር ገደማ መሆን ነበረበት፤ ከበርም ይበልጣል። ቤት ግን ሜዳ አይደለም። ስፒከሩን ሁለት ግድግዳና ወለል በሚገናኙበት ማዕዘን ብታስቀምጡት፣ ግድግዳዎቹ ራሳቸው የጡሩምባው ቅጥያ ይሆናሉ፤ የሚያስፈልገው አፍም ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል፣ ግማሽ ካሬ ሜትር እንኳ አይሞላም። ከ100 ካሬ ሳ.ሜ. ጉሮሮ፣ ማለትም ከጠባቡ መነሻ፣ ተነስቶ እዚያ ለመድረስ ከ2 ሜትር ትንሽ የሚበልጥ መንገድ ይበቃል፣ እሱም ይታጠፋል። የክሊፕሽ ብልሃት ይህ ነበር፤ ሳሎን ውስጥ ሆርን ማሰብ የሚቻለውም በዚሁ ነው።

ማዕዘኑ ታዲያ እውነተኛ ማዕዘን ይሁን። ፒያሳ ከመፍረሱ በፊት አንድ ወዳጄ የሚኖርበት ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ያለው ቤት ነበር፤ የዚያን ቤት ማዕዘን አሁንም እመኘዋለሁ። አንዱ ጎን መስኮት፣ ሌላው ጎን ጂፕሰም ቦርድ ከሆነ ቤዙ በዚያው ይወጣል።

«የመኪና ስፒከር ከመርካቶ ገዝተህ ግጠምበት»

አይሆንም። የመኪና ስፒከር ሸራ በአብዛኛው ከባድ ነው፣ ማግኔቱም ለዚህ ሥራ ደካማ ነው። ሆርን የሚፈልገው ቀላል ሸራና ብርቱ ማግኔት ነው። ከባዱን ብትገጥሙበት ቀጭኑ ድምፅ ይሞታል፣ ወፍራሙ ይንዘላዘላል።

«የውጪ አገር ፕላን በእኛ ከፍታ አይሠራም»

ይህን ያለኝ የተማረ ሰው ነው፣ ስለዚህ በአክብሮት ልመልስ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ናት፤ አየራችን ከባሕር ጠረፍ ከተሞች አየር ሩብ ያህል ይሳሳል። እውነት ነው። የሆርንን ርዝመት የሚወስነው ግን የድምፅ ፍጥነት ነው፤ ፍጥነቱ ደግሞ የሚለወጠው በሙቀት እንጂ በከፍታ አይደለም። በ20 ዲግሪ በሰከንድ 343 ሜትር፣ በ15 ዲግሪ 340 ሜትር ነው፤ ጅቡቲ ወደብ ላይም ሆነ እንጦጦ ላይ። የሳሳው አየር ድምፁን በጥቂቱ ይቀንሰዋል። ማጉያውን ትንሽ ስትከፍቱት ያልቃል፤ ፕላኑ ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር አትንኩ።

«የዋንዛ ሳጥን ድምፁን ያሞቀዋል»

ክራር ቢሆን እስማማለሁ። የክራር ገበቴ አብሮ እንዲዘፍን ነው የተሠራው። የስፒከር ሳጥን ሥራው ዝም ማለት ነው፤ አብሮ ከዘፈነ ለሁሉም ዘፈን የራሱን ዜማ ይጨምርበታል። ስለዚህ 18 ሚ.ሜ. ኮምፔርሳቶ፣ ከውስጥ በማገር የተደገፈ፣ ከየትኛውም ውብ ጣውላ ይሻላል። ጣውላ በበጋ ይሸበሸባል፣ በክረምት ያብጣል፤ መጋጠሚያውም ይከፈታል።

መጋጠሚያ ካነሳሁ አይቀር፣ ከእንጨቱ ዓይነት ይልቅ ድምፅ የሚያበላሸው ክፍተት ነው። ሁለተኛውን ሳጥን ጨርሼ ቤዙ ለምን እንደሳሳ ግራ ገባኝ። ኮላው በደንብ ከደረቀ በኋላ ጧፍ አበራሁ፣ ወፍራም ተከታታይ ድምፅ ከፈትኩ፣ ነበልባሉን በመጋጠሚያው ዳር ቀስ እያልኩ አሳለፍኩት። ከታች፣ ከኋለኛው ጥግ ስደርስ ነበልባሉ ጎንበስ ቀና አለ፤ ልክ ሰው እፍ እንደሚልበት። ጥፍር የማታስገባ ስንጥቅ ነበረች። በእንጨት ዱቄትና በኮላ ደፈንኳት፣ ቤዙ በማግስቱ ተመለሰ።

ዋንዛው ለዓይን ነው። ልባጡ ከግማሽ ሚሊ ሜትር እምብዛም አይወፍርም፤ በጆሮ የሚለየው ሰው ካለ ቡና ልጋብዘው።

«ልባጥ ማስቲሽ ቀብቶ መለጠፍ ነው»

የመጀመሪያውን በማስቲሽ ለጠፍኩ። ሁለቱም ፊት ይቀባል፣ ትንሽ ይደርቃል፣ ሲነካካ ወዲያው ይይዛል። ችግሩም ይኸው ነው፤ አንዴ ከነካ ማስተካከል የለም። አጣምሜ ለጥፌ ግማሹን ቀደድኩት። የተሳካው ፊት ደግሞ ቫርኒሽ ስቀባው ማታውን እንደ እንጀራ ዓይን አወጣ። በቲነር የቀጠነው ቫርኒሽ በልባጡ ቀዳዳ ገብቶ ማስቲሹን አላልቶት ኖሯል።

አሁን የምሠራው በነጩ የእንጨት ኮላ እና በልብስ ካውያ ነው። ሳጥኑንም የልባጡን ጀርባም ስስ አድርጌ እቀባለሁ። ልባጡ ሲረጥብ እንደ ደረቅ ቆዳ ይጠቀለላል፤ አትደንግጡ፣ ጠርዙን በፕላስተር ያዙት። ኮላው ነጭነቱ ጠፍቶ እንደ መስታወት ሲያብለጨልጭና እጅ ላይ ሳይጣበቅ ሲቀር ልባጡን ቦታው አስቀምጣለሁ፣ ስስ ጨርቅ ጣል አድርጌ ከመሐል ወደ ዳር በካውያ እተኩሳለሁ። ሙቀቱ የደረቀውን ኮላ ያቀልጠዋል። ካውያው ካለፈበት ኋላ ኋላ በእንጨት ኩብ ጫን እያሉ መከተል ነው፤ ሲቀዘቅዝ የሚይዘው ያኔ ነው። ጠርዙ ትንሽ ተርፎ ይቆይ፣ በማግስቱ በስለት ይቆረጣል።

ከዚያ ጥፍር። ፊቱን በሙሉ በጥፍር ጫፍ ጠቅ ጠቅ አደርጋለሁ። የያዘው ቦታ ደረቅ፣ አጭር ድምፅ ይሰጣል፤ ያልያዘው ባዶ ቅል ይመስላል። ባዶውን መልሼ እተኩሰዋለሁ። እምቢ ካለ በእንጨቱ መስመር በምላጭ ሰንጥቄ ኮላ በወረቀት ጫፍ አስገባለሁ፣ እጫነዋለሁ። መስመሩን ተከትሎ የተሰነጠቀ ቁስል ከደረቀ በኋላ እኔ ራሴ አላገኘውም፤ መስመሩን አቋርጦ የተቆረጠ ግን ዕድሜ ልኩን ይታያል።

የሆርኑን የታጠፈ አፍ በተመለከተ፣ የእንጨቱ መስመር ከእጥፋቱ ጋር ጎን ለጎን እንዲሄድ አድርጋችሁ ቁረጡ። በተቃራኒው ካጠፋችሁት ይሰበራል፣ ምንም ብታረጥቡት።

«ውስጡን ስፖንጅ ሙላበት»

ከሸራው ኋላ ያለችው ትንሽ ክፍል ውስጥ ጥቂት፣ አዎ። መንገዱ ውስጥ ግን ስፖንጅ መሙላት የጡሩምባ ነፊውን አፍ በጨርቅ መወተፍ ነው።

«እቤት ከተሠራ ይረክሳል»

አልረከሰም። የስፒከሮቹን ሞተር፣ ማለትም ሸራውንና ማግኔቱን፣ ከውጪ የሚመጣ ሰው ሻንጣ ውስጥ ለምኜ ነው ያስመጣሁት፤ የተበላሸውን እንጨትና ልባጥ ስደምርበት ያገለገለ ጥሩ ስፒከር ይገዛልኝ ነበር። ያገኘሁት ለቤቴ ማዕዘን ልክ የተቆረጠ ሳጥን ነው። ያውም ለአንደኛው ማዕዘን። በሩ አጠገብ ያለውን ስለካ የበሩን መዝጊያ ረስቼ 4 ሳ.ሜ. ስለተሳሳትኩ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ቀስ ብለህ ክፈት» እያልኩ እጮኻለሁ።